የሃምሳ ብሯ ሥዕል ሒሳብ

ሥዕሎቼን ልሸጥ የመጀመሪያዋን ጠረጴዛዬን የዘረጋሁት ከተማ ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ ኮንቬንሽን ላይ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ብሩን አልጋ ላይ በትኜ ቆጠርኩት። ቴሌብር ላይ የገባው ሲደመርበት 4,150 ብር ሆነ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እህቴ ሒሳብ ያዥ ናት። በሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና «ከዚህ ውስጥ ስንቱ ያንቺ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ነዋ!»

ደብተር አመጣች። የማተሚያ፣ የፕላስቲክ፣ የጠረጴዛ ኪራይ፣ የታክሲ፣ የምሳ፣ ሳይሸጡ ተጠቅልለው የተመለሱት ሥዕሎች። ተቀንሶ ተቀንሶ 210 ብር ቀረ። ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ያፈጠጥኩበት ድካም ዋጋ ማለት ነው። እህቴ ደብተሩን አጠፈችና «ቢያንስ አልከሰርሽም» አለችኝ። እሷ ሰው የምታጽናናው እንደዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ። «እኔም እሥላለሁ፣ መሸጥ እችላለሁ?» የሚለኝ ልጅም በዝቷል። መልሱ ትችላላችሁ ነው። ግን ነገሩ ከሥዕል ችሎታ ይልቅ የወረቀት፣ የኪስና የታክሲ ሒሳብ ነው። እሱን እንየው።

ለማያውቅ ሰው፣ ኮንቬንሽን የምንለው የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም)፣ የኮሚክስና የጌም አፍቃሪዎች ተሰብስበው የሚውሉበት ቀን ነው። አንዱ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ መስሎ ለብሶ ይመጣል፤ ኮስፕሌይ ይባላል። ሌላው ጌም ይወዳደራል። ዳር ዳሩን ደግሞ ጠረጴዛ ይደረደራል፤ የሚሥሉ፣ የሚጠልፉ፣ የሚሰፉ ልጆች ሥራቸውን ይዘው ይቀመጡበታል። ፈረንጆቹ «አርቲስት አሊ» ይሉታል፤ እኛ የሠዓሊዎች መደዳ እንበለው። ልማዱ የቆየ ነው። የሳን ዲዬጎው ኮሚክ ኮን በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። የጃፓኖቹ ኮሚኬት ደግሞ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. ቶኪዮ ውስጥ ሲከፈት፣ ሥራቸውን ይዘው የመጡት 32 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ታዳሚው 700 ሰው ገደማ። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍበታል። የእኛዎቹ ገና ትንንሽ ናቸው። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ስፒከር፣ በር ላይ ጀበና ቡና።

አሁን ወደ ኪስ። ከተማ ዳር የሚደረግ ዝግጅት ከመሀል ከተማው ይለያል። አብዛኛው ታዳሚ ተማሪ ነው። ከጀሞ፣ ከሳሪስ፣ ከአያት፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይዞ ይመጣል። መግቢያ ከፍሏል። ሲመለስም ሁለትና ሦስት ታክሲ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ 400 ብር ቢኖር የሚገዛበት 400 አይደለም። የመመለሻው ተቀንሶ፣ የሳንቡሳና የለስላሳው ተቀንሶ የተረፈው ነው። ልጁ ይህን ሒሳብ በሩን ሲያልፍ ጨርሶታል። የ600 ብር ሥዕላችሁን ቆሞ ያደንቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ «እህት፣ በጣም አሪፍ ነው!» ብሎ ይሄዳል። የሚዋሽ አይምሰላችሁ። ወዶታል። ግን የታክሲውን አይበላም።

እኔ ይህ የገባኝ በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ትልልቁ ሥዕል ሰው ያስቆማል። ትንንሹ ይከፍላል። ከኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ግዙፍ ሥዕል ስቀሉ፤ ባይሸጥም ችግር የለም፣ ሥራው መጣራት ነው። ከፊት ለፊት፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ስቲከር፣ ፖስት ካርድ፣ ቁልፍ መያዣ ይሁን። ዋጋውም በብር ኖቱ ልክ፦ 50፣ 100፣ 200። የ200 ብር ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው የሚዘረጋው እሱን ነው። ዋጋችሁን 65 ወይም 130 ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ጠረጴዛ ስትለምኑ ትውላላችሁ። ጠዋት ስትመጡ ቢያንስ አሥራ አምስት የሃምሳ ብር ኖት ያዙ። ይህችን ምክር የሚንቅ ሰው እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ነው የሚንቃት።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ጠለቅ ማለት አለብኝ፤ ሁላችንም የምንከስረው እዚህ ጋ ነው። ዲጂታል ማተሚያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው በኤ3 ሉህ ነው። ኤ3 ማለት 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ነው። ለሁለት ሲቆረጥ ኤ4 ይሆናል፣ ለአራት ኤ5፣ ለስምንት ኤ6። ኤ6 የፖስት ካርድ መጠን ነው። ነጭ ጠርዝ ከተዋችሁለት ከአንድ ሉህ ስምንት ካርድ ይወጣል።

ለስሌት ያህል፣ ወፈር ያለ አርት ፔፐር ላይ ሉሁ 96 ብር ታተመ እንበል። የእናንተ ሰፈር ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አካሄዱን ብቻ ያዙ። አንዷ ካርድ 12 ብር መጣች። ፕላስቲኳ 3 ብር። 15 ሆነች። በ50 ብር ስትሸጡ 35 ብር ያተረፋችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። ካሳተማችሁት ውስጥ ግማሹ ነው የሚሸጠው ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ የተሸጠችው ካርድ ያልተሸጠችውንም ወጪ ትሸከማለች። 30 ብር። የቀረው 20 ነው። ጠረጴዛው 600፣ ታክሲው ዕቃ ስለያዛችሁ 200፣ ምሳ 150፤ ድምሩ 950 ብር። ለ20 ሲካፈል 48 ካርድ ገደማ። አርባ ስምንተኛዋ ካርድ እስክትሸጥ የምትሠሩት ለአዳራሹና ለታክሲው ነው።

ኤ4 ብታሳትሙስ? ወረቀቱ 48፣ ፕላስቲኩ 8፣ ከጀርባ እንዳይታጠፍ የሚገባው ካርቶን 4። 60 ብር። ያልተሸጠውን ሲሸከም 120። በ200 ብር ሲሸጥ 80 ይቀራል። እዚህ 12 ሥዕል ከሸጣችሁ ወጪያችሁ ተሸፈነ። በወረቀት ላይ ኤ4 ይሻላል ማለት ነው። ግን የታክሲውን ልጅ አትርሱት፤ 200 ብር የሚያወጣው ከአምስቱ አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኔ ለአንድ ቀን የማሳትመው ከኤ4 ሠላሳ፣ ከካርድ ሰማንያ ነው። ካርቶኑን ደግሞ አልገዛም። ሰፈር ሱቅ የብስኩት ካርቶን ይሰጡኛል፤ ጋሼ ቆርጠው ሳይቀር ያስቀምጡልኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የአምናውን የማተሚያ ዋጋ ይዞ ማስላት ዋጋ ያስከፍላል። አንዲት ጓደኛዬ ድሮ በርካሽ ያሳተመቻቸውን ካርዶች በርካሽ ሸጠች። አልቀው እንደገና ልታሳትም ስትሄድ የሸጠችበት ብር ግማሹን እንኳ አላሳተመላትም። ዋጋ የሚተመነው ሥዕሉ በወጣበት አይደለም፤ እሱን ለመተካት በሚወጣው ነው። የሱቅ ሰዎች ይህን በደም ሥራቸው ያውቁታል። ሠዓሊ ይረሳዋል።

በእጅ የሚሠራ ነገር የሚሸጡ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ሥዕል አንድ ጊዜ ተሥሎ መቶ ጊዜ ይታተማል። በኪሮሽ የሚሠራ አሻንጉሊት ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ክሩ 150 ብር ይወስዳል። በ500 ስትሸጡት ለሰዓት የሚደርሳችሁ 58 ብር ነው። ይህ ደግሞ የጠረጴዛው ሳይቀነስ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ፈጣን ነገር ያስፈልጋል። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ከሚሰፉ ልጆች የጥበብ ቁራጭ ሰብስባ የመጽሐፍ ዕልባት የምትሠራ ልጅ አውቃለሁ። አንዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም። አሻንጉሊቷ ያስቆማል፣ ዕልባቷ ይሸጣል።

ስለ ቀለም አንድ ኀዘኔን ልንገራችሁ። ጠይም ቆዳ ያላት ተዋጊ ልጅ ሣልኩ። ስልኬ ላይ ስታዩዋት ፊቷ ያበራል። ሠላሳ ኮፒ አሳተምኩ። ስትወጣ ከልክ በላይ የተቆላ ቡና መስላለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። የማተሚያው ልጅ «ስልክሽ ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ግን ልክ ነበር። ስልክ ቀለምን የሚያሳየው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ተደባልቆ። ማተሚያ ግን ብርሃን የለውም። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ይደፋል። ስለዚህ ደማቁ አረንጓዴ ይደበዝዛል፣ ኤሌክትሪክ የሚመስለው ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ይሸሻል፣ ቡናማው ይጠቁራል። በተለይ የእኛን የቆዳ ቀለም የሚሥል ሰው ከማሳተሙ በፊት ሥዕሉን አንድ ደረጃ ማፍካት አለበት። ከዚያ አንድ ሉህ ናሙና አሳትሞ ወደ ውጭ ወጥቶ በፀሐይ ማየት። የ96 ብር ናሙና ሠላሳ ሥዕል ያድናል።

ብዙዎቻችን በስልክ፣ በጣት ነው የምንሥለው። ነውር የለውም። ግን ስትጀምሩ የሸራውን መጠን እዩ። ኤ4 ጥርት ብሎ እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልገዋል። አፑ በራሱ የሚከፍተው ሸራ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። በትንሹ ተሥሎ ያለቀን ሥዕል በኋላ መለጠጥ ሊጥ እንደመለጠጥ ነው፤ ይሳሳል።

የክረምት ጉዳይም አለ። እርጥበት ወረቀት ያጥፋል። ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ሰዓት የቆየ ሥዕል ጠርዙ እንደ እንጀራ ይነሳል። ሌሊቱን ጣውላ ሥር አሳድሩት፤ ጠዋት ፕላስቲኩን ሳታወልቁ ዘርጉት።

አሁን ሁሉም የሚፈራው ጥያቄ፦ የሰው ገጸ ባሕርይ ሥሎ መሸጥ ይቻላል?

«እኔ ነኝ የሣልኩት፣ ስለዚህ የእኔ ነው» የሚለው ክርክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መስመሩ የእናንተ ነው። ገጸ ባሕርዩ ግን የፈጠረው ሰው ወይም የኩባንያው ነው። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትን ብቻ ሳይሆን ሥራን ለውጦ የማዘጋጀትን መብት ጭምር ለሥራ አመንጪው ነው የሚሰጠው። የውጭ አገር ሥራ ጥበቃ ደግሞ አገሮች በሚገቡት ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ብንገባ አንወጣም። በተግባር ከቶኪዮ ተነስቶ የካ አባዶ የሚመጣ ጠበቃ የለም። ጃፓን ውስጥ ራሱ አድናቂዎች የሚሠሩትን ነገር ባለመብቶቹ በብዛት አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ ፍቅሩን ያሰፋላቸዋላ። ግን «ዝም አለ» እና «ፈቀደ» አንድ አይደሉም። ነገ ሥዕላችሁን በውጭ ድረ ገጽ ልሽጥ ስትሉ ባለመብቶቹ ከድረ ገጹ ሊያስወርዱባችሁ ይችላሉ። በሺህ አባዝታችሁ ቲሸርት ላይ ስታደርጉት ወሬው ሌላ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የሌላ አድናቂን ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አሳትሞ መሸጥ ነው። ይህ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መደዳው ላይም ቶሎ ይታወቃል፤ ሁላችንም ስንሥል የምናየው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

አዋጁ ለእናንተም ይሠራል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ራሳችሁ የፈጠራችሁት ሥዕል ጥበቃ የሚያገኘው ሣላችሁ ባስቀመጣችሁበት ቅጽበት ነው። ምዝገባም ሆነ ሌላ ሥርዓት አይጠይቅም። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመናችሁ ሙሉ፣ ከዚያ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። አንድ ሰው ሥዕላችሁን ስልክ ቀፎ ላይ አትሞ ቢሸጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሥዕሉ ከተደራረበባቸው ንብርብሮች (ሌየሮች) ጋር አስቀምጡ። ማን እንደሣለው የሚያሳየው እሱ ነው።

የራስ ፈጠራ ሌላም ጥቅም አለው፤ አያረጅም። አምና ሁሉም ያበደለት ገጸ ባሕርይ ዘንድሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ካርቶን ሙሉ ይዤው ቀርቻለሁ። ሁለተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ግን አርዌን በማንጋ (በጃፓን ኮሚክስ) ስልት ሥዬ ነበር፤ ያንን በአፈ ታሪክ የነገሠውን ዘንዶ። ማንም ባለቤት ነኝ አይለውም። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡና «ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ? ጋኔል ነው?» አሉኝ።

«አርዌ ነው እማማ፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ላይ ያለው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ፍየሏ መርዝ በልታ፣ ዘንዶው ፍየሏን በልቶ እንዴት እንደሞተ፣ የንግሥቲቱ አባት እንዴት እንደነገሠ እዚያው ቆመው ለልጁ ተረኩለት። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ከኋላ ሌሎች ሦስት ቆሙ። አስቡት፤ ያ ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፋፍሎ የሚሣልበት የቆየ የእኛ ሥዕል አለ። ኮሚክስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ከዚያ ክርክር መጣ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» እዚህ አገር ዋጋ ጽፎ መለጠፍ ክርክርን አያስቀርም። መቀነስ አልወድም፤ ለአንዱ ቀንሼ ከጎኑ የቆመው ሙሉ ከከፈለ ቅር ይለዋል። በምትኩ ምራቂ እሰጣለሁ። «ዋጋው ያው ነው እማማ፣ ለልጁ ግን ስቲከር ልመርቅለት።» ስቲከሯ እኔን 6 ብር ነው ያወጣችኝ። እሳቸውን 50 ብር የቀነስኩላቸው ያህል ደስ አላቸው።

ክፍያ ላይ ቶሎ ልለፍ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ኑሯችንን አቅልሎታል፤ ጥሬ ብሩን ለታክሲ ይዞ በስልኩ የሚከፍል ልጅ አለ። ግን የገዢውን ስልክ አይታችሁ አታስረክቡ። የድሮ ክፍያ ስክሪንሾት የሚያሳይ ሰው ያጋጥማል። ከ127 የሚመጣው መልእክት በራሳችሁ ስልክ ላይ ይግባ። ኔትወርኩ ከተጨናነቀ ሥዕሉን ለይታችሁ አስቀምጡለትና «ዞር ብለህ ና» በሉት። ስልካችሁን ደግሞ ሞልታችሁ ሂዱ፤ መብራት ከሄደ ሱቃችሁም አብሮ ይሄዳል።

ጠረጴዛ ስትከራዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስፒከሩ የት ነው? ስፒከር ሥር መሸጥ በምልክት ቋንቋ መሸጥ ነው። ቡናው የት ነው? ቡና የያዘ ሰው አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ዓይኑም እናንተ ጋ ያርፋል። ሦስተኛው፣ አዘጋጁ የያዘው ፈቃድ ሽያጭን ይጨምራል ወይ? የአንድ ቀን ነገር መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሲሆን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። እዚያ ላይ የእህቴ ዓይነት ሰው ፈልጉ።

ሰዓቱንም እወቁት። ጠዋት ሰው ያያል። ከምሳ በኋላ ይገዛል። ከአሥር ሰዓት ወዲያ ከተማ ዳር ያለ አዳራሽ በድንገት ይፈስሳል፤ የታክሲ ሰልፍ ከመርዘሙ በፊት ሁሉም ይሮጣል። ያኔ ተስፋ ቆርጣችሁ ዋጋ አትስበሩ። የቀረው ወረቀት ለሚቀጥለው ይሆናል።

ባለፈው ልክ በዚያ ሰዓት አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ መጣ። ቀኑን ሙሉ አራት ጊዜ የአርዌን ሥዕል አይቶ ሄዷል። ኪሱን ገለበጠ። 70 ብር ነበረው፣ 50ው የታክሲ ነው። ሃያዋን ዘረጋልኝና «ቀብድ ልያዝ?» አለኝ። ተቀበልኩት። ሥዕሉን ለይቼ አስቀመጥኩለት፣ ደብተሬ ላይ «ባለ ቀይ ሹራብ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ እህቴ ደብተሩን እያየች እስክሪብቶዋን ሃያዋ ላይ አቆመች። «ይሄ ገቢ ነው?»

«አይ» አልኳት። «ዕዳ ነው።»

ዕዳ የሚለው ሥር ጻፈችው።